ሰርተፍኬት ላይ ስም ሲታተም ከመስመሩ የሚሸሸው ለምንድን ነው?

ሰኔ ሲገባ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በሰርተፍኬት ይሞላሉ። ባዶው ከማተሚያ ቤት ተዘጋጅቶ ይመጣል። ስም፣ ውጤትና ቀን ደግሞ በማይክሮሶፍት ወርድ ይሞላበታል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ፕሪንተሩን ይወቅሳል። እኔ መጀመሪያ የማየው ጽሑፉ ወዴት እና እንዴት እንደሸሸ ነው።

ሁሉም ጽሑፍ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በእኩል መጠን ከሸሸ

ይሄ ቀላሉ ነው። ልዩነቱን በማስመሪያ ለኩና ማርጂኑን (የገጹን ኅዳግ) በዚያው ልክ አንቀሳቅሱ። ወርድ በኢንች የሚለካ ከሆነ አስቀድማችሁ ወደ ሴንቲ ሜትር ቀይሩት።

ከላይ ገጥሞ ወደ ታች እየወረደ ሲሄድ ከሸሸ

አዘውትሮ የሚመጣብኝ ይህኛው ነው። ስሙ መስመሩ ላይ ቁጭ ብሏል። የትምህርት ክፍሉ ትንሽ ከፍ ብሏል። ከታች ያለው ቀን ጭራሽ በላዩ ካለው ጽሑፍ ጋር ተጣብቋል። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ቀኑን በኢንተር ወደ ታች ይገፋዋል። ለጊዜው ይገጥማል፤ ሌላ ፕሪንተር ላይ ሲሄድ እንደገና ይበላሻል። እባካችሁ በኢንተርና በስፔስ አታስተካክሉ! እንዲህ ተነካክቶ የመጣ ፋይል ከማስተካከል እንደ አዲስ መሥራት ይቀላል።

መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ባዶ ገጽ ላይ ወደ ታች የሚወርድ ልክ 20 ሴ.ሜ የሆነ መስመር አስምሩ። ተራ ወረቀት ላይ አትሙና በማስመሪያ ለኩት። 19.4 ሴ.ሜ ከሆነ ገጹ ወደ 97 ከመቶ ተጨምቋል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ከላይ 25 ሴ.ሜ ላይ መዋል ያለበት ጽሑፍ 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሸሻል። ይህን ማርጂን አያድነውም።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የወረቀት መጠን ነው። ኤ ፎር 21 በ29.7 ሴ.ሜ ነው፤ ሌተር ግን 21.59 በ27.94። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አሠራር ከተዘጋጀ ወርድ አዲስ ፋይል በሌተር ይከፍታል። ፕሪንተሩ ውስጥ ያለው ደግሞ ኤ ፎር ነው። ስለዚህ ሦስት ቦታ እዩ፦ የወርዱን ፔጅ ሳይዝ፣ የፕሪንተሩን ፔፐር ሳይዝ፣ የትሪውን (የወረቀት መያዣውን)። ሦስቱም ኤ ፎር ይሁኑ። ከዚያ ወርድ ኦፕሽን ገብታችሁ፣ አድቫንስድ ውስጥ ፕሪንት የሚለው ክፍል ስር፣ ይዘቱን ለኤ ፎር ወይም ለሌተር የሚያመጣጥነውን ምልክት አንሱ። ከፒዲኤፍ የምታትሙ ከሆነ "ፊት" የሚለውን ትታችሁ "አክቹዋል ሳይዝ" ምረጡ።

መስመሩ ልክ 20 ሆኖ ጽሑፉ አሁንም ከሸሸ ፊደሉን (ፎንቱን) ጠርጥሩ። አንድ ትምህርት ቤት ፋይሉን በፍላሽ አመጣ። እነሱ ጋ ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። እኛ ጋ ሲከፈት ከስሙ በታች ያለው በሙሉ ቦታውን ለቋል። የተጻፈው ኒያላ በሚባለው የግዕዝ ፎንት ነበር፤ የእኛ ኮምፒውተር ላይ ኒያላ አልተጫነም። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ሁልጊዜ አብሮ አይመጣም፤ ከተጨማሪ የግዕዝ ፊደላት ጋር ለብቻው ይጫናል። ከሌለ ወርድ ምንም ሳይናገር በሌላ ፊደል ይተካዋል። የፊደሉ ቁመት ሲለያይ የመስመሩም ቁመት አብሮ ይቀየራል።

መፍትሄው ድንበሩ የማይታይ ሠንጠረዥ ነው። ለእያንዳንዱ መሙያ መስመር አንድ ረድፍ ስጡ። የረድፉን ቁመት "ኤግዛክትሊ" አድርጋችሁ በሴንቲ ሜትር ወስኑ። ያኔ ፊደሉ ቢቀየርም፣ ስሙ ረዝሞ ቢታጠፍም የታችኛውን አይገፋም። ነገር ግን የታጠፈው ክፍል ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ እንደ "ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ገብረ ሥላሴ" ያሉ ረጃጅም ስሞችን ከዝርዝሩ ፈልጉና የፊደላቸውን መጠን አስቀድማችሁ ቀንሱ።

የክምሩ ግማሽ ገጥሞ ግማሹ ከሸሸ

ፋይሉን አትንኩት። ማተሚያ ቤቶች ብዙ ጊዜ ሁለት ሰርተፍኬት ጎን ለጎን ኤ ስሪ ላይ ያትሙና መሐሉን ይቆርጣሉ። ቆራጩ ትንሽ ከሳተ የግራውና የቀኙ ኅዳግ ይለያያል። ከላይና ከታች ካለው ክምር አንድ አንድ አውጥታችሁ ደርቡና ወደ ብርሃን ያዙ። ከተለያዩ ለሁለት ክፈሏቸው፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ማርጂን ስጡ። ገንዘብ የተከፈለበት ሥራ እንዲህ ዝርክርክ ሆኖ መምጣቱ ያናድዳል። ስትረከቡ ለኩ።

አንዱ ወረቀት ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ከሄደ

ችግሩ ወረቀት የሚስበው የፕሪንተሩ ክፍል ነው። ወፍራም ወረቀት ከታችኛው ትሪ አይሰጥም። በእጅ መስጫው አስገቡ፤ የጎን መያዣዎቹን አጥብቁ፤ የኋላ በር ካለው ክፈቱና ቀጥ ብሎ ይውጣ። የወረቀት ዓይነቱንም ወፍራም በሉት፤ አለዚያ ቶነሩ (የሌዘር ፕሪንተሩ ዱቄት ቀለም) በጣት ይላጣል።

ባዶውን ሰርተፍኬት ስካን አድርጎ ወርድ ላይ ከጽሑፉ ጀርባ ማስቀመጥ ይረዳል። በስልክ የተነሳ ፎቶ ግን አይሆንም፤ ያጣምማል። ከማተማችሁ በፊት ምስሉን አጥፉ። ሁልጊዜም መጀመሪያ ተራ ወረቀት ላይ አትሙ፤ ከሰርተፍኬቱ ጋር ደርባችሁ መስኮት ላይ እዩት።

ወርቃማ ፎይል ያለበትን ሰርተፍኬት ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ አታስገቡ! ፊውዘሩ፣ ማለትም ቶነሩን በሙቀት የሚያጣብቀው ክፍል፣ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይጠጋል፤ ፎይሉ ተላጦ ሮለሩ ላይ ይጣበቃል። ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ያበጠ የሕትመት ቀለምም እንደዚያው ይቀልጣል። ከማተሚያ ቤት ትኩሱን የመጣ ደግሞ ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ ይቆይ። ፎይል የግድ ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ስሙ ከተሞላ በኋላ እንዲመታው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።