የኢሜይላችሁ ርዕስ ሲበላሽ፦ ከኮከቡ በፊት ፊደሉን እዩ

ባለፈው ጳጉሜ ለአንድ ወዳጄ የፒያሳ ጫማ ቤት የእንቁጣጣሽ ቅናሽ ኢሜይል አዘጋጀሁ። ርዕሱ ዓይን እንዲስብ ኮከብ አደረግኩበት፤ ከስልኬ ኪቦርድ አንድ አዲስ ኢሞጂም ጨመርኩ። በማግስቱ አንዲት ደንበኛ ሱቁ ድረስ መጥታ ስልኳን አሳየችን። «ሰላም ????፣ ★ የበዓል ቅናሽ □» ይላል። «ስሜን ረሳችሁት እንዴ?» አለች። ምን ይባላል?

ደግነቱ፣ ርዕሱ የተበላሸበት መልክ ራሱ ጥፋቱ የት እንዳለ ይናገራል።

የጥያቄ ምልክት ከሆነ

ጥፋቱ የእኛው ነው። ፊደሉ ገና ሳይላክ ሞቷል። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ኤክሴል ላይ ነው። የደንበኞችን ዝርዝር በተራው ሲኤስቪ (ሠንጠረዥን እንደ ተራ ጽሑፍ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ስታስቀምጡ ፋይሉ አማርኛ መያዝ ስለማይችል እያንዳንዱን ፊደል በ«?» ይተካዋል። ዘግታችሁ ስትከፍቱት ስሙ የለም፤ መመለሻም የለውም። ስለዚህ ዋናውን የኤክሴል ፋይል እንዳታጠፉ። ከእሱ ላይ እንደገና «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መርጣችሁ አስቀምጡ፤ ዩቲኤፍ-8 የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ የኮምፒውተር አጻጻፍ ነው። ዝርዝሩ ጉግል ሺትስ ላይ ከሆነ ይሄ ጣጣ የለም።

ጭረትና ነጠብጣብ ያለባቸው የፈረንጅ ፊደላት ከሆኑ

አትደንግጡ፣ ፊደሉ አልጠፋም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ ቁራጭ) ይይዛል። ተቀባዩ ፕሮግራም ይህን ሳያውቅ ባይቶቹን ለየብቻ ካነበበ አንዱ ፊደል ሦስት ሆኖ ይወጣል። የኢሜይል ርዕስ ሲጀመር ለእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የተሠራ ነው። የሌሎች ቋንቋዎች ፊደል ተጠቅልሎ የሚያልፍበት ደንብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የታወቁት የመላኪያ አገልግሎቶች መጠቅለሉን በራሳቸው ይሠሩታል። ጣጣው ያለው «አንድ ልጅ በነፃ ሠራልኝ» በሚባለው መላኪያ ላይ ነው። ልጁን ጥሩትና ርዕሱን በዩቲኤፍ-8 ኢንኮድ እንዲያደርገው፣ ማለትም እንዲጠቀልለው፣ ንገሩት።

ባዶ ሳጥን ከሆነ

ምልክቱ ተቀባዩ ስልክ ላይ የለም ማለት ነው። አዲስ ኢሞጂ አሮጌ ስልክ ላይ እንዲህ ይሆናል። እንደ ★ ያሉ የቆዩ ምልክቶች ይሻላሉ። እኔ ግን የራሳችንን ፨ እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከፊደላችን ጋር አብሮ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር መዝገብ) ውስጥ ስለገባ፣ አማርኛ የሚያሳይ ስልክ እሱንም ያሳያል ማለት ይቻላል። ሁሉም ኮከብ ሲደረድር ደግሞ እሱ ለየት ይላል።

ስፓም ውስጥ ከገባ

ሰው ቶሎ ብሎ ኮከቡን ይከሳል። መጀመሪያ ዶሜናችሁን (በኢሜይል አድራሻችሁ ከ@ በኋላ ያለውን ስም) አስመርምሩ፤ ኢሜይሉ በእውነት ከእናንተ መምጣቱን የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ተስተካክለዋል? ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ ከሚልኩት ሦስቱንም መጠየቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። አምስት ኮከብና ሦስት ቃለ አጋኖ ከደረደራችሁ ግን ማሽኑ ቢምራችሁ እንኳ ሰው አይምራችሁም።

ምልክቱ ጭራሽ ካልታየ

መጨረሻ ላይ አድርጋችሁታል፤ ስልኩ ቆርጦታል። ወደ ፊት አምጡት።