የሚመለሰውን ዜማ ጠብቁ፦ ረጅሞቹን የፕሮግረሲቭ ሮክ ዘፈኖች እንዴት ማድመጥ ይቻላል

ለንደን ውስጥ ባርቢካን በሚባለው ሰፈር ለስድስት ዓመት የቢሮ ጽዳት ሠርቻለሁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገብቼ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እወጣ ነበር። ሙዚቃ የማደምጠው እየሠራሁ ነው። የሦስት ደቂቃ ዘፈን አልቆ የማልወደው ሲተካ ለመቀየር እርጥብ ጓንቴን ማውለቅ ነበረብኝ። ረጅም ዘፈን መፈለግ የጀመርሁት በዚህ ምክንያት ነው። ፍለጋው እንግሊዞች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1969 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ወደ ሠሩት ሙዚቃ አደረሰኝ፤ ፕሮግረሲቭ ሮክ ይሉታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ የአገሬ ልጆች «ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን እንዴት ይደመጣል?» ብለው ጠይቀውኛል። ይህን የምጽፈው ለእነርሱ ነው።

ብዙ ሰው ትዕግሥት ይጠይቃል ይላል። አልስማማም። ቅዳሴ ቆመን ያደግን ሰዎች ትዕግሥት አይቸግረንም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ጆሯችን የት እንደደረስን ያውቃል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠብቃል። በባዕድ ረጅም ዘፈን ውስጥ የሚያሰለቸን የት እንዳለን አለማወቃችን ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ላይ የሚሰማ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ የሚጠፋ፣ በመጨረሻ የሚመለስ ዜማ ፈልጉ። እርሱን ያዙ። የእኔ የታላቅነት ሚዛንም ይኸው ነው። ዜማው ሲመለስ በመካከል ያለፈውን ሁሉ ተሸክሞ ከመጣ ዘፈኑ ታላቅ ነው። የጣት ፍጥነትና የመሣሪያ ብዛት አያስደንቁኝም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሙሉውን ቅጂ መያዛችሁን አረጋግጡ። ለሬዲዮ ተብለው የተቆረጡ አጫጭር ቅጂዎች አሉ፤ እነርሱን ተዉአቸው። ስልካችሁ ዘፈኖችን እያቀላቀለ የሚያጫውት ከሆነ ያንን አጥፉት። በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያም አታድምጡ፤ እነዚህ ሰዎች እጅግ ዝግ ብለው ስለሚጀምሩ ግማሹ ያመልጣችኋል። ግጥሙን በመጀመሪያው ቀን አታንብቡ።

አንድ ትንሽ ልምምድ አስቀድሙ። ፒንክ ፍሎይድ የተባለውን የእንግሊዝ ቡድን «መኒ» ክፈቱ፤ በ1973 የወጣ ነው። በሳንቲምና በገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ድምፅ ይጀምራል። እነዚያን ድምፆች ቴፕ ቆርጠው፣ ቀጥለው፣ በክብ እያዞሩ ነው ምት ያደረጓቸው። ቤዝ ጊታሩ ሲገባ ቁጠሩ፦ በየሰባቱ ይመለሳል። ሳክስፎኑም በሰባት ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ብቻውን ሲነሳ ግን ምቱ ወደ አራት ይለወጣል፤ እግራችሁ ከጆሯችሁ ቀድሞ ያውቀዋል። ከዚያ እንደገና ሰባት። ይህን አንድ ጊዜ ከያዛችሁ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ምት አያስደነግጣችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። የመጀመሪያው ረጅም ዘፈናችሁ የኪንግ ክሪምሰን «ስታርለስ» ይሁን፤ «ሬድ» ከተባለው የ1974 አልበም የመጨረሻው ነው። ርዝመቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰኮንድ ነው። ከሃያ ደቂቃዎቹ በፊት ይህን የምሰጣችሁ መመለሻው ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ስለሆነ ነው።

ሲከፈት የክር መሣሪያዎች የሚመስል የተከዘ ድምፅ ትሰማላችሁ። ሜሎትሮን ነው፦ እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን ቀድሞ የተቀዳ ቴፕ የሚያጫውት የእንግሊዝ መሣሪያ። አንዱ ቴፕ የሚቆየው ስምንት ሰኮንድ ያህል ብቻ ነው፤ ድምፁ ትንፋሽ ያጠረው የሚመስለኝ ለዚህ ይሆናል። በላዩ ላይ የሮበርት ፍሪፕ ጊታር አንድ ዘገምተኛ ዜማ ይጫወታል። ይህን ዜማ ያዙ። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሳችሁ ማጉረምረም እስክትችሉ አድምጡት፤ የቀረውን ለነገ አቆዩት። በእውነት፣ በመጀመሪያው ቀን ከዚህ በላይ አትሂዱ።

በሁለተኛው ቀን እጃችሁን ቀላል ሥራ አስይዙ፤ ልብስ ማጠፍ ይሁን፣ ምስር መልቀም። ጆን ዌተን ይዘፍንና ከአራተኛው ደቂቃ በኋላ ድምፁ ይጠፋል። ቤዝ ጊታሩ ብቻውን አንድ ጨለማ ሐረግ መደጋገም ይጀምራል። እዚህ ላይ በየአሥራ ሦስት ቁጠሩ። እናቴ የእግዚኦታውን አርባ አንድ የምትቆጥረው በጣቶቿ አንጓ ነው፤ እኔም አሥራ ሦስቱን በዚያ መንገድ እቆጥራለሁ። አራቱ ጣቶች አሥራ ሁለት አንጓ አላቸው፣ አሥራ ሦስተኛው የአውራ ጣቴ ጫፍ ነው። ፍሪፕ ደግሞ አንዲት ኖታ እየደጋገመ ይመታል። እርሷኑ ብቻ። ከብዙ ቆይታ በኋላ በትንሹ ከፍ ያደርጋታል፣ እንደገና ይቆያል፣ እንደገና ከፍ። ቢል ብሩፎርድ ከበሮውን ቀስ በቀስ ያስገባል። ለደቂቃዎች የሚሆነው ይህ ብቻ ነው፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወውም እዚሁ ነው። አትተዉት፤ ጣታችሁን ቁጠሩ። ከዚያ ይፈነዳል፣ ይሮጣል፣ ሳክስፎኑ ይጮኻል፤ መጨረሻው ላይ ያ ዘገምተኛ ዜማ መላውን ቡድን አስከትሎ ይመለሳል።

እኔ ይህን የሰማሁት በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ፣ መወልወያውን እንደያዝሁ ነበር። ተቀመጥሁ። ያልተወለወሉ ሁለት ፎቆች እየቀሩኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አደመጥሁት። አልበሙ ለሽያጭ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቡድኑ መበተኑን ኋላ አነበብሁ፤ ያን ዜማ የስንብት አድርጌ የምሰማው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቀጥሎ «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» ነው፤ ፒንክ ፍሎይድ በ1975። ዘፈኑ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ግማሽ አልበሙን ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋዋል። ስለዚህ መካከሉን ሳትዘሉ አልበሙን በሙሉ አድምጡ፤ መመለሻው ያለው ከሌሎቹ ዘፈኖች ማዶ ነው። የምትይዙት አራት ኖታ ብቻ ነው፦ አራተኛው ደቂቃ ሊሞላ ሲል የዴቪድ ጊልሞር ጊታር ብቻዋን የምትጥላቸው አራት ኖታዎች። የሰው ድምፅ የሚመጣው ከስምንተኛው ደቂቃ በኋላ ስለሆነ አትጠብቁት። ዘፈኑ የተጻፈው አእምሮው ታውኮ ከቡድኑ ስለወጣው የመጀመሪያ መሪያቸው ሲድ ባሬት ነው። በሰኔ 1975 አልበሙን ሲያዘጋጁ ባሬት ሳይጠበቅ ወደ አቢ ሮድ ስቱዲዮ መጣ፤ ተወፍሮ፣ ፀጉሩንና ቅንድቡን ተላጭቶ ስለነበር የገዛ ጓደኞቹ መጀመሪያ ላይ አላወቁትም። ይህን ካወቃችሁ በኋላ አራቱን ኖታዎች ስሟቸው።

የጄነሲስ «ሰፐርስ ሬዲ» ሃያ ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የሚጎድለው፣ በሰባት ክፍል የተሠራ የ1972 ዘፈን ነው። መግቢያ የለውም፤ ድምፁና ጊታሮቹ በአንድ ላይ ይነሳሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች በደንብ አጥኑ፤ የሚመለሰው ያ ነው። መካከሉ ላይ ያለው የተውኔት ጨዋታ የሚመስል ክፍል ለእኔ እስከ ዛሬ አይጥመኝም። ለእናንተም ካልጣማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት፤ ከዘፈኑ ግን አትውጡ። ቀጥሎ ስድስተኛው ክፍል ይመጣል፦ ቤዙና ከበሮው በየዘጠኙ ይወቅጣሉ፣ ቶኒ ባንክስ በላያቸው ላይ ኦርጋኑን እንደ ልቡ ይሰድዳል። ቃላቱ ከዮሐንስ ራእይ የተቀዱ ናቸው፤ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስትም አዲሲቱ ኢየሩሳሌምም አሉበት። መጽሐፉን ለሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። የመጀመሪያው ዜማ የሚመለሰው ከዚያ ጭንቅ በኋላ ነው፤ በሹክሹክታ የጀመረው ፒተር ጋብርኤል በሙሉ ጉሮሮው ይዘምረዋል።

«የስ» የተባለውን ቡድን «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለምሳሳለት ነው። እኔ ራሴ ግን የጀመርሁት በእርሱ ነበር፤ ታላቅ ነው ሲሉ ሰምቼ። ሦስት ሌሊት ሞክሬ ሦስቱንም ተውሁት። በወፍና በውኃ ድምፅ ይከፈታል፤ ከዚያ አምስቱ ሰዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚናገሩ ይመስላል። መፍትሔው ከመካከሉ መጀመር ነው። ወደ ስምንት ደቂቃ ተኩል ግድም ውሰዱትና ሁሉም ነገር ጸጥ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ። ጆን አንደርሰንና ጓደኞቹ ሁለት ዜማ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ይዘፍናሉ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ አካባቢ ላይ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይነሳል። እስከ መጨረሻው ሂዱ፤ ያ የጸጥታ ዜማ ከፍ ብሎ ሲመለስ ታገኙታላችሁ። በማግስቱ ከወፎቹ ጀምሩ። የት እንደሚደርስ ስለምታውቁ ትርምሱ መንገድ ይሆናል።

ያ ኦርጋን የሐሰት አይደለም። የቡድኑ ኪቦርድ ተጫዋች ሪክ ዌክማን የተጫወተው በቅዱስ ጋይልስ ክሪፕልጌት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ድብደባ ተጎድቶ የታደሰው፣ ገጣሚው ጆን ሚልተን የተቀበረበት፣ እኔ ከማጸዳው ሕንፃ አምስት ደቂቃ የሚርቅ ሥፍራ። ይህን ሳላውቅ ለዓመታት በአጥሩ ሥር አልፌ አውቶቡስ ይዣለሁ። ባወቅሁ ጊዜ በዕረፍት ቀኔ ገባሁ። ማንም አይጫወትም ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል ቧንቧዎቹን እያየሁ ቆምሁ።

ስለዚህ ዘፈን አሠራር አንድ ነገር ልጨምር። አሥራ ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሰኮንዱን በአንድ ትንፋሽ አልተጫወቱትም። ጥቂት ጥቂቱን እየቀዱ፣ የቀረጻ ባለሙያው ኤዲ ኦፎርድ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠና እየቀጠለ ነው የተሰፋው። የቡድኑ ሰዎች እንደተረኩት፣ አንድ ሌሊት ደክመው የመረጡት ቁራጭ ቴፕ ጠፋባቸው፤ የስቱዲዮው ጽዳት ሠራተኛ ቆሻሻ መስሎት ጥሎት ኖሯል። ደጅ ያሉትን የቆሻሻ መጣያዎች ፈትሸው አገኙት። እኔ ይህን ካነበብሁ ወዲህ ቅርጫት ከመገልበጤ በፊት ውስጡን አያለሁ፤ አዲስ የሚቀጠሩትንም እንዲያዩ አስተምራለሁ።

ዘፈኑ እንደጀመረው በውኃና በወፍ ያልቃል። ወፎቹ ዝም እስኪሉ ማዳመጫውን አታውልቁ። ከዚያ የሚሰማው ጊታር የሚቃኝ የሚመስል ድምፅ የሌላ ዘፈን መጀመሪያ ነው፤ እዚያ ላይ አቁሙት።