የሕፃናት ነርሲንግ ማስተርስ ለምትማሩ፦ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ የሕፃናት ነርሲንግ ማስተርስ መማር የሚፈልጉ ነርሶች "ይከብዳል ወይ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ክፍል ውስጥ ያለው ትምህርት ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ዋርድ ውስጥ ለዓመታት ያመጣነውን የጥድፊያ ልማድ መተው ነው። ተማሪ ሆኜ የሠራኋቸውን፣ አሁን ደግሞ ጤና ጣቢያ ላይ ተማሪ ሳለማምድ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የሌላ አገር ስም ይዞ መመዝገብ

ኢንተርኔት ላይ "ነርስ ፕራክቲሽነር" የሚለውን አንብበው የሚመጡ አሉ። ሙያው የተጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የጀመሩት ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ናቸው። ሐኪም የማያገኝ ሕፃን ተጨማሪ ሥልጠና ባላት ነርስ ይታይ ነው ነገሩ። እዚያ ከትምህርቱ በኋላ የብቃት ፈተና አለ፤ የሥራ ፈቃዱም ለብቻው ነው። እኛ ጋ የሚሰጠው የሕፃናት ጤና ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ወረቀቱ አንድ ስላልሆነ አንዱን ከሌላው አታምታቱ። ሐሳቡ ግን በጀልባ ካልሆነ የማይደረስበት ደሴት ላለን ለእኛ በጣም ይሠራል።

መግቢያውን መናቅ

ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋትን ማለቴ ነው፣ "ነርስ ነኝ፣ ሒሳብ ምን ያደርግልኛል" ብለው የሚቀመጡ አሉ። ስምንት ዓመት አዳር ሲገባ የኖረ ሰው ክፍልፋይ ይረሳል። ቀድማችሁ ጀምሩ።

ሕፃንን በዓይን መመዘን

ይህን እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ። ሚዛኑ ሌላ ክፍል ነበር፤ ተራው ረጅም ነበር። እናቱ ልጁ አሥራ አንድ ወሩ ነው ስትለኝ "ስምንት ኪሎ ይሆናል" ብዬ ጻፍኩ። አለማማጄ ምንም ሳትናገር ልጁን ተቀብላ ወሰደችው። ስድስት ኪሎ ነበር።

ልዩነቱን በፓራሲታሞል እንየው። ለሕፃን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። በ5 ሚሊ ውስጥ 120 ሚሊግራም ያለው ሽሮፕ ከሆነ፣ ለስምንት ኪሎ ልጅ 5 ሚሊ ልኩ ነው። ለስድስት ኪሎው ግን ከ2.5 እስከ 3.75 ሚሊ ብቻ ነው የሚገባው። ያውም ፓራሲታሞል ስለሆነ ነው። ሌላ መድኃኒት ቢሆንስ?

ከዚያ በላይ ደግሞ አለ። አሥራ አንድ ወሩ ሆኖ ስድስት ኪሎ መሆኑ ራሱ በሽታ ነው። ባንመዝነው ኖሮ ክንዱንም አንለካም ነበር። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ የክንድ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ለትኩሳት መጥቶ ረሃቡ ሳይታይ ሊመለስ ነበር።

ሽሮፑንም ስትሰጡ "በማንኪያ ስጪው" ብላችሁ አትሸኟት። የማን ቤት ማንኪያ? መለኪያዋን ስጧትና እዚያው ቀድታ ታሳያችሁ።

ትንፋሽን በግማሽ ደቂቃ መቁጠር

የአምስት ወር ልጅ ነው፤ ሳል አለው። እናቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ተማሪዋ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ሆዱን እያየች ሠላሳ ሰከንድ ቆጠረች። ሃያ አራት። በሁለት አባዝታ 48 ጻፈችና "ጉንፋን ነው" አለች። እስቲ ደቂቃውን ሙሉ ቁጠሪ አልኳት። 53 ሆነ።

ከሁለት ወር በታች 60፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ የሳንባ ምች አለበት፤ አሞክሳሲሊን ያስፈልገዋል። የሕፃን ትንፋሽ ይቆማል፣ ይፈጥናል፣ እንደገና ይረጋጋል። ግማሽ ደቂቃ ያታልላል። እያለቀሰ ከሆነም አትቁጠሩ። ጡት ይስጡትና እስኪረጋጋ ጠብቁ። ወረፋው ይጠብቅ!

አንድ በሽታ ሲያገኙ ማቆም

ከክረምት በኋላ በፎገራና በደምቢያ በኩል ወባ ይበረታል። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ምርመራው ወባ ይላል፣ ሁሉም ሰው ይገላገላል። ወባ ያለበት ልጅ ግን የሳንባ ምችም ሊኖርበት ይችላል። የሕፃናት ሕክምና መመሪያው ሳሉን፣ ተቅማጡን፣ ጆሮውን፣ ክብደቱን፣ ክትባቱን በተራ እዩ የሚለው ለዚህ ነው። በተለይ የክትባት ካርዱን። የዘጠኝ ወሩን ኩፍኝ ተከትቦ የአሥራ አምስት ወሩ የቀረበት ልጅ ስንቴ በፊታችን ያልፋል።

ትልቅ ሆስፒታል ብቻ መመኘት

ሁሉም ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን መለማመድ ይፈልጋል። ይገባኛል፤ ከባድ ኬዝ ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን እዚያ የሚደርስ ልጅ ብዙ በር አንኳኩቶ ነው። የመጀመሪያው በር ላይ ምን እንዳመለጠ የምታዩት ጤና ጣቢያ ቁጭ ስትሉ ነው።

ቴሲስን ለመጨረሻ ማቆየት

ርዕሱን በመጀመሪያው ዓመት ያዙ። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ጊዜ ይበላል። ደሴት ሄዳችሁ መረጃ የምትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ በጠዋት ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል።

እናትን መቆጣት

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። አንዲት ወጣት እናት ከሐይቁ ዳር መጣች። ልጇ ጡት አልይዝ ብሏታል። ተማሪዋ ገና አፉን ሳታይ "እንጥሉን አስቆርጣችሁት ይሆናላ! ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?" አለቻት። እናትየዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

"ኧረ አልነካነውም፣ ሲስተር።"

በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "አይዞሽ እህቴ። መቼ ነው ጡት የተወው?"

"ከትናንት ወዲያ።"

"ቤት ውስጥ ማን ያግዝሻል?"

"አማቴ አሉ።" ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እሳቸው ናቸው ወስደው ያስቆረጡት። እኔ ፈርቼ ወጣሁ" አለችኝ።

ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ባናገኝ ኖሮ ቁስሉን፣ ኢንፌክሽኑን ከየት እንደመጣ አናውቅም ነበር። ጡት አለመያዝ ደግሞ በራሱ የአደጋ ምልክት ነው። የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ መርፌ ወጋነው። ስኳሩ እንዳይወርድ የታለበ የእናት ጡት ወተት በአፍንጫው ቱቦ ሰጠነው። አምቡላንስ ተጠራ።

ተማሪዋ የእናትየዋን ፌስታል ይዛ አብራ ወጣች። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ደጁ ላይ ቆመው ሲያወሩ በመስኮት አየኋቸው።