አሮጌ ቤት ሳይፈርስ እንዴት ፎቶ እናንሳው?

ሰፈራችሁ ውስጥ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ያረጀ ግን ዓይን የሚስብ ቤት አለ? ዛሬ ነገ ሳትሉ አንሱት። ፎቶው ግን ለማማሩ ብቻ አይሁን፤ ነገ ቤቱን የሚያድስ ባለሙያ አይቶት ሥራ መጀመር እንዲችል ሆኖ ይነሳ።

እ.ኤ.አ. በ1851 የፈረንሳይ የታሪካዊ ቅርሶች ኮሚሽን ባልዱስ፣ ባያር፣ ለ ግሬ፣ ለ ሴክና ሜስትራል የተባሉ አምስት ፎቶ አንሺዎችን ወደየክፍለ ሀገሩ የላከው ለዚሁ ነበር። ለ ግሬና ሜስትራል በደቡብ ፈረንሳይ ያለችውን የካርካሶን ከተማ ግንብ ያነሱት አርክቴክቱ ቪዮሌ ለ ዱክ ጥገናውን ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ፣ ጥገናው ምን እንደለወጠ ዛሬም ማነጻጸር ይቻላል። እኛም ጋ ቢሆን፣ የጀርመናዊው ተመራማሪ የኤኖ ሊትማን ቡድን በ1906 አክሱምን ፎቶ ሲያነሳ፣ በኋላ ሮም የተወሰደው ሐውልት ተሰብሮ እዚያው መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር።

መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ሙሉውን ቤት ከፊት፣ ቀጥሎ ከየማዕዘኑ አንሱ። ስልኩን ወደ ላይ አታንጋጡት፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ያዘነበለ ይመስላል፤ ይልቅ ወደ ኋላ ሂዱ ወይም ማዶ ካለው ፎቅ ላይ ውጡ። ቅርጻ ቅርጽ ካለው ጠዋት ከጎን የሚመጣ ብርሃን ጥሩ አድርጎ ያወጣዋል። በሩን፣ ማጠፊያውን፣ የጣሪያውን ጠርዝ ጠጋ ብላችሁ ስታነሱ አጠገቡ ሜትር ዘርጉ፣ አለዚያ መጠኑን ማንም አያውቀውም። ፊልተር በፍጹም! ባልዱስ በፈረንሳይዋ አርል ከተማ የቅዱስ ትሮፊም ገዳምን ውስጠኛ መተላለፊያ በአንድ ኔጋቲቭ (ፎቶው በሚታተምበት ግልብጥ ምስል) መያዝ ስላቃተው ብዙ ኔጋቲቮችን ቆራርጦ ገጣጥሟል። እናንተም ጠባብ ክፍል ከገጠማችሁ አንዱ ፎቶ የሌላውን ሲሶ ያህል እየደገመ እንዲሄድ አድርጉ።

የቤቱን የድሮ ፎቶ ካገኛችሁ ደግሞ ያው ቦታ ላይ ቆማችሁ ድገሙት። ቦታውን ለማግኘት አንድ የቅርብና አንድ የሩቅ ነገር ምረጡ፣ ለምሳሌ የመስኮት ጠርዝና ከኋላው ያለ ጉልላት፣ ከዚያ ሁለቱ ልክ በፎቶው ላይ እንዳሉት እስኪገጥሙ ድረስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፈቀቅ እያሉ መሞከር ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ኮሚሽኑ ያን ሁሉ ደክሞ ያስነሳውን ፎቶ ሳያሳትም መዝገብ ቤት አስቀመጠው፣ በጣም ያሳዝናል። እናንተ ቀኑን፣ ሰፈሩንና የቆማችሁበትን አቅጣጫ ጻፉ። ዋናውን ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ቅጂውን ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ስጡ። ለባለቤቱም አንድ አሳትማችሁ ውሰዱለት፤ ያን ጊዜ ቤቱን ማን እንደሠራው ጠይቁና የሚነግራችሁን በስልካችሁ ቅዱት።