አውሮፓን ስንመዝን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስለ አውሮፓ ስናወራ ጫፍና ጫፍ ይዘን ነው። አንዱ «አበቃላት» ይላል። ሌላው ዛሬም ዓለምን የምትዘውር ይመስለዋል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ውሳኔው በማን እጅ እንዳለ ሳይጠይቁ ስለሚፈርዱ ይመስለኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት «አውሮፓ እንዲህ አለች» ብሎ ወሬ መጀመር ነው። የትኛዋ አውሮፓ? የአውሮፓ ኅብረት 27 አባላት አሉት። ኔቶ የተባለው የጦር ቃል ኪዳን ደግሞ 32 አሉት፤ አሜሪካ፣ ካናዳና ቱርክም እዚያ ውስጥ ናቸው። ኖርዌይና ስዊዘርላንድ በሸንገን ቪዛ ይገባባቸዋል፣ የኅብረቱ አባል ግን አይደሉም። አየርላንድ ደግሞ አባል ሆና በሸንገን ቪዛ አይገባባትም። ብሪታኒያ በ2020 ከኅብረቱ ወጥታለች፣ ከኔቶ ግን አልወጣችም። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት እንኳ የኅብረቱ ተቋም አይደለም።

ሁለተኛው ጉልበትን በታንክ ብቻ መለካት ነው። እኛን በቀጥታ የሚነካን ይኼኛው ነው። የኅብረቱ መቀመጫ ብራስልስ የራሷ ጦር የላትም። ያላት ወደ 450 ሚሊዮን ሰው የሚሸምትበት ገበያ ነው። እዚያ መሸጥ የፈለገ ሁሉ ሕጓን ያከብራል። አፕል በ2023 የድሮውን የአይፎን ቻርጀር ትቶ ወደ ዩኤስቢ ሲ የዞረው የኅብረቱ ሕግ ስለመጣበት ነው። ያው ስልክ አዲስ አበባም ይሸጣል።

ቡናችንን ደግሞ ተመልከቱ። በ2023 የጸደቀ አንድ የኅብረቱ ሕግ አለ። ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። ላኪው ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንዳለ በካርታ ማሳየት አለበት። ጅማ ወይም ሲዳማ ላይ ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ይህን ሕግ አላወጣም፣ አልተጠየቀበትምም። ሕጉ የሚጀምርበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፤ ግን አልተሰረዘም። ጀርመን ከቡናችን ዋና ገዢዎች አንዷ ናት። እንግዲህ «ጉልበት የላትም» የምንለው ይህችን አውሮፓ ነው።

ቃል የተገባን ገንዘብ እንደ ተዘጋጀ ጦር መቁጠርም ስህተት ነው። ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን ስትወር ጀርመን ለመከላከያዋ 100 ቢሊዮን ዩሮ መደበች። ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ኔቶን ተቀላቀሉ። በ2025 ሄግ ላይ የኔቶ አባላት እስከ 2035 ድረስ ከአገር ውስጥ ምርታቸው 5 በመቶውን ለመከላከያና ተያያዥ ወጪዎች ለማዋል ተስማሙ። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ማናናቅ አይገባም። ግን የሳተላይት መረጃውም፣ የረጅም ርቀት የጦር ማጓጓዣውም፣ የአየር መከላከያውም ዛሬም በብዛት የአሜሪካ ነው። ከምዕራብ አውሮፓ አገሮች የራሳቸው የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ያላቸው ፈረንሳይና ብሪታኒያ ብቻ ናቸው። ይህን ክፍተት በጀት በአንድና በሁለት ዓመት አይሞላውም።

መዘግየትን እንደ ፍርሃት ማየትም አለ። በውጭ ጉዳይ ላይ ኅብረቱ የሚወስነው በአብዛኛው 27ቱም ሲስማሙ ነው። አንድ አገር እንቢ ካለ ነገሩ ይቆማል። ሃንጋሪ በዩክሬን ጉዳይ ደጋግማ ይህን አድርጋለች።

በመጨረሻ ቅርሱን እናንሳ። «አውሮፓ የዘረፈችውን መመለስ ጀምራለች» ሲባል ደስ ይላል፤ ግን መላሿ አንዲት አውሮፓ አይደለችም። የአክሱምን ሐውልት በ2005 የመለሰችው ጣሊያን ናት። ጀርመን በ2022 የቤኒን ነሐሶችን (ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ካለው የጥንቱ የቤኒን መንግሥት የተዘረፉትን) ባለቤትነት ለናይጄሪያ አስተላልፋለች። ፈረንሳይ ደግሞ ጥቂት ቅርሶችን ቤኒን ለምትባለው አገር ለመመለስ በ2020 የተለየ ሕግ ማውጣት ነበረባት። ከመቅደላ የተዘረፉት ታቦታት ግን ዛሬም ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ሙዚየሙ የያዘውን አሳልፎ እንዳይሰጥ የ1963 ሕግ በእጅጉ ያጠብቅበታል። ያን ሕግ ማሻሻል የሚችለው የለንደኑ ፓርላማ እንጂ ብራስልስ አይደለችም። ብሪታኒያ የምትኖሩ ወገኖች ደብዳቤ ከጻፋችሁ ለአካባቢያችሁ የፓርላማ ተወካይ ጻፉ።