አይዲኢ ሃርድ ዲስክ «ሞቷል» ተብሎ ከመጣሉ በፊት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ሳታ የተባለው አዲሱ የዲስክ ማገናኛ በ2003 እ.ኤ.አ. ከመጣ ወዲህ የቀድሞውን ማገናኛ፣ ባለ 40 ፒኑን አይዲኢ ኬብል የሚቀበል ማዘርቦርድ ቀስ በቀስ ጠፍቷል። በባሕር ዳር ፎቶ ቤቶች መደርደሪያና በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ግን የሰርግ ቪዲዮ፣ የፔዳና የፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች) መመረቂያ ጽሑፍ የያዙ እንዲህ ያሉ ዲስኮች አሁንም አሉ። አልነበብ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲስኩ ሳይሆን ፓወሩ፣ ኬብሉና ጃምፐሩ (የዲስኩን አሠራር የሚወስነው ትንሽ የፒን ቆብ) ነው።

ይያዙ፦ ባለ 40 እና ባለ 44 ፒን መሰኪያ ያለው ዩኤስቢ አዳፕተር ከባለ 12 ቮልት 2 አምፔር ፓወሩ ጋር፣ መልቲሜትር፣ እንዲሁም ከአሮጌው ዲስክ የሚበልጥ ባዶ ቦታ።

ምልክት፦ አዳፕተሩ ይበራል፣ ዲስኩ ግን አይሽከረከርም

ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ 12 ቮልትም 5 ቮልትም ይፈልጋል። ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ብቻ ስለሆነ ባለ አራት ቀዳዳው የፓወር መሰኪያ (ሞሌክስ) የግድ መሰካት አለበት። ዲስኩ እንደተሰካ ይለኩ፦ ከቢጫው ወደ ጥቁሩ ከ11.4 እስከ 12.6፣ ከቀዩ ወደ ጥቁሩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ሳይሰካ ቢለካ የደከመ ፓወርም ጤነኛ ይመስላል።

የላፕቶፑ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ 5 ቮልት ይበቃዋል፤ ነገር ግን ሲነሳ ወደ 1 አምፔር ሊስብ ይችላል፣ ዩኤስቢ 2.0 ደግሞ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው። ባለ ሁለት ራስ ኬብል ወይም የራሱ ፓወር ያለው ሃብ ይጠቀሙ።

ፓወሩ ትክክል ሆኖ ዲስኩ ዝም ካለ፣ ምንም ሳይሰካ በዲስኩ የሞሌክስ ፒኖች ላይ ኦም ይለኩ። ከ12 ወይም ከ5 ቮልቱ ወደ ግራውንድ ዜሮ ገደማ ካሳየ፣ በዲስኩ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ያለው የመከላከያ ዳዮድ ራሱን ሠውቶ ሊሆን ይችላል። ብየዳ የሚያውቅ ሰው ዳዮዱን ቢያነሳው ዲስኩ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ መከላከያ ስለሌለው በአስተማማኝ ፓወር ውስጡ ያለው ወዲያው ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳ።

ምልክት፦ ይሽከረከራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም

ብዙው ችግር ያለው እዚህ ነው። አብዛኞቹ አዳፕተሮች ዲስኩ ማስተር (ዋና) እንዲሆን ይፈልጋሉ። ስሌቭ (ተከታይ) ወይም ኬብል ሴሌክት (ኬብሉ የሚወስነው) ላይ ከሆነ በወረንጦ ጃምፐሩን ያዛውሩ፤ ሥዕሉ በዲስኩ ጀርባ ታትሟል። ዌስተርን ዲጂታል ለብቻው ሲሠራ ማስተር ላይ ሳይሆን «ሲንግል» ላይ መሆን አለበት፤ በብዙዎቹ ይህ ማለት ጃምፐሩን ጨርሶ ማውጣት ነው።

ቀጥሎ ኬብሉን ይመልከቱ። የቀይ መስመሩ ጎን በአብዛኛው ወደ ፓወሩ መሰኪያ ይዞራል፣ ፒን 1 እዚያ ነው። ፒን 20 የሌለው ተገልብጦ እንዳይሰካ ነው፤ በድሮዎቹ ኬብሎች ግን ያ ቀዳዳ ስላልተደፈነ መገልበጥ ይቻላል። በላፕቶፑ ባለ 44 ፒን ዲስክ ላይ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ ፓወሩ በፒን 41 እና 42 ስለሚያልፍ አንድ ረድፍ መዛነፍ ወይም መገልበጥ ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ከጎን ያሉት አራት ፒኖች የጃምፐር ናቸው፣ አይሰካባቸው። የተጣመመ ፒን ካለ በቀስታ ያቃኑ፤ ደጋግሞ ማጠፍ ይሰብረዋል።

በሐይቁ ዳርቻ የክረምቱ እርጥበት ሌላ መንስኤ ይጨምራል። የቦርዱን ብሎኖች በኮከብ ካቻቢቴ ፈተው ሲያነሱት ከዲስኩ አካል ጋር የሚነካኩትን ነጥቦች ያያሉ። ጠቁረው ከሆነ በነጭ ላጲስ ያጽዱ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ፣ ሲደርቅ ይግጠሙ። የብረት ክዳኑን ግን አይክፈቱ፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ሳህኑን ትቧጥጣለች። አየር የሚያስገባውን ትንሽ ቀዳዳም በፕላስተር አይድፈኑ።

ምልክት፦ ተክ ተክ ይላል

ፓወሩ ከደከመ ዲስኩ ተነስቶ ተመልሶ ይወድቃል። በዴስክቶፕ ፓወር ሳፕላይ አንድ ጊዜ ይሞክሩ። ድምፁ ከቀጠለ የማንበቢያ ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ያጥፉ፤ ደጋግሞ መሞከር ቀሪውን ይፍቃል። ከዚህ በኋላ ንጹሕ ክፍል ያለው ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይንካው። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ጤዛ አስይዞ ይገድለዋል።

ምልክት፦ መጠኑ ያንሳል

32 ጊጋ ገደማ ካሳየ መጠን የሚገድበው ጃምፐር ገብቷል፣ ያውጡት። 137 ጊጋ ላይ ከቆመ አዳፕተሩ ያረጀ ነው፣ ይቀይሩት። እስኪስተካከል ድረስ ዲስኩ ላይ ምንም አይጻፍ።

ምልክት፦ «ፎርማት ላድርገው?» ይላል

እምቢ ይበሉ። የዊንዶውሱን የዲስክ መጠገኛ፣ ቼክዲስክንም አያስኪዱ፤ «ጥገናው» የሚጻፈው በታመመው ዲስክ ላይ ነው። ኡቡንቱን (ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ከፍላሽ አስነስተው ዲዲሬስኪው በተባለው የመቅጃ ፕሮግራም መላውን ዲስክ ወደ አንድ የኢሜጅ ፋይል ይቅዱ። በመጀመሪያው ዙር የማይነበበውን ዘለው ጤነኛውን ሁሉ ያውጡ፤ በሁለተኛው ዙር ብቻ የቀረውን ሦስት ጊዜ ያስሞክሩ። ጤነኛ 80 ጊጋ ዲስክ በዩኤስቢ 2.0 አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ የታመመው ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል።

መቀበያው ዲስክ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ፋይል አይይዝም፤ ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስት4 ያድርጉት። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ቢቀጥልም የባለ 3.5 ኢንቹ ዲስክ አዳፕተር ስለሚጠፋ እሱንም ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። ዲዲሬስኪው የት እንደደረሰ የሚመዘግብበት የማፕ ፋይል ከተቀመጠ ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል።

ፍለጋው በኢሜጁ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ቴስትዲስክ የተባለውን ፕሮግራም ይጠቀሙ፣ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍልፍል) ከነፋይል ስሙ ሊመልስ ይችላልና። ሌላው ፕሮግራም ፎቶሬክ የፋይል ስም አይመልስም፤ በየቦታው የተበታተነ ትልቅ ፋይልንም ይቆራርጣል። በሚኒ ዲቪ የቪዲዮ ካሴት የተቀረጸ ሰርግ በሰዓት 13 ጊጋ ገደማ ስለሚይዝ በፎቶሬክ ብቻ መተማመን ለፎቶ እንጂ ለሰርግ ቪዲዮ አይሆንም።

ምልክት፦ ጽሑፉ ተከፈተ፣ ፊደሉ ግን የማይነበብ የላቲን ምልክት ሆነ

ፋይሉ አልተበላሸም። ግዕዝ ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔና ከዚያም በኋላ ብዙ ጽሑፍ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ተጽፏል። እነዚህ የላቲን ኮድ ላይ የአማርኛ መልክ የሚያለብሱ ፎንቶች ስለሆኑ፣ ፎንቱ ከሌለ መልኩ ይጠፋል። ስለዚህ ከኢሜጁ ሰነዶቹን ሲያወጡ በአሮጌው ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንቶች ፎልደርም አብረው ያውጡ፤ ያ ጽሑፍ የተጻፈበት ፎንት ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል። ሰነዱን በዎርድ ከፍተው የፎንቱን ስም ያንብቡ፣ ያንኑ ይጫኑ፣ ከዚያ ቅጂውን ወደ ዩኒኮድ ይለውጡ። ከለወጡ በኋላ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቡን ከዋናው ጋር እያመሳከሩ ያርሙ።