እናታችሁ ኬሞ ላይ ናት፣ እናንተ ውጭ ናችሁ፦ ስለ ድካሙ

እማዬ አዲስ አበባ ኬሞ (የካንሰር መድሃኒቱን) ስትጀምር እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ብር መላክ ነው የኔ ድርሻ ብዬ ነበር። ጠዋት ስራ ከመግባቴ በፊት ቪዲዮ ኮል እደውላለሁ፣ እዛ ከሰአት ነው፣ ሶፋው ላይ ነጠላዋን አድርጋ "ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተ በላህ ወይ?" ትለኛለች፣ እኔም ተመስገን ብዬ እሄዳለሁ። በሶስተኛው ዙር ላይ እህቴ አላስችላት ሲል ነገረችኝ፦ "አንተ ልትደውል ነው ስትባል ከአልጋ ትነሳለች፣ ልብስ ትቀይራለች፣ ሻሽ ታስራለች፣ ስትዘጋው እዛው እጥፍ ብላ ትተኛለች፣ ምሳም የለ።" የቀኗን ጉልበት የምጨርሰው እኔ ነበርኩ ማለት ነው።

አሁን ቴሌግራም ላይ ድምፅ እልካለሁ፣ ስትችል ትሰማዋለች። ቪዲዮ በሳምንት አንዴ፣ አስር ደቂቃ። "እንዴት ነሽ" ብሎ መጠየቅም ትርፉ ያው ደህና ነኝ ነው፣ እኔ "ዛሬ ገላሽን ራስሽ ታጠብሽ? ቡናውን ማን አፈላ?" ነው የምለው። ቡናውን ሰው ካፈላላት ቀኑ ከባድ ነበር፣ እማዬ ቡና ማፍላት ለሰው አትሰጥም።

የኬሞ ድካም ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ አይነት አይደለም። መድሃኒቱ ጤነኛውንም ሴል ይነካል፣ ደም ያንሳል፣ ምግብ አይገባም፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሀሳቡ ደግሞ አለ። ብዙ ሰው ግራ የሚገባው ኬሞውን በወሰደች ማግስት ደህና ሆና በሶስተኛው በአራተኛው ቀን ስትወድቅ ነው፣ እንዳያስታውካት ተብሎ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የሚባል መድሃኒት ሰውን ያነቃቃል (ሌሊቱንም እንቅልፍ ይከለክላል)፣ እሱ ሲቆም ነው ድካሙ የሚመጣው። ስለዚህ ዙሩ በየ21 ቀኑ ከሆነ ካላንደር ላይ አስምሩበት፣ ሰራተኛም ሆነ የአክስት ልጅ ከፍላችሁ የምታስቀምጡት ለነዛ ቀናት ይሁን፣ የመኪናውም ብር እንደዛው።

ከየዙሩ በፊት ሲቢሲ የሚባል የደም ምርመራ ይሰራል፣ የውጤቱን ፎቶ አስልኩና ሄሞግሎቢኗ ከወረደ ሀኪሟን አስጠይቁ፣ ድካሙ ከደም ማነስ ከሆነ የሚደረግ ነገር አለ። ትኩሳት 38 ከገባ ግን ዶክተሩ እስኪደውል አይጠበቅም፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። በተለይ ከሰባተኛው እስከ አስራ አራተኛው ቀን ነጭ የደም ሴል ስለሚወርድ።

ጠያቂ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እድርተኛው፣ ማህበርተኛው፣ የድሮ ጎረቤት፣ ሁሉም በፍቅር ነው የሚመጣው ግን ታማሚ ተነስታ "ኖር" ትላለች፣ ብሉ ጠጡ ትላለች። መመለስ አይቻልም መቼም፣ እኛ አክስታችንን ሳሎን አስቀመጥናት፣ ቡና ታጠጣና "አሁን ገና አሸለባት" ብላ ትሸኛለች፣ ጉንፋን የያዘው ከበር ይመለሳል።

ተኚ ተኚ ማለትም አይበዛ። ቀን ግማሽ ሰአት ጋደም ትበል፣ ግን በግቢው ዞር ዞር ማለት ከሙሉ ቀን አልጋ የበለጠ ይረዳል፣ እማዬ እስከ በሩ ደርሳ መመለስ ነበር የጀመረችው። ምግብ ጥቂት ጥቂት፣ እንቁላልም በደንብ የበሰለ። ጾም አልፈታም ብላ ካስቸገረች እናንተ አትከራከሩ፣ የንስሐ አባቷን አስነግሯት፣ የኛን የሁዳዴ ጉዳይ የጨረሱት እሳቸው ናቸው።

ከዚህ በሻንጣ የምትልኩትን ቫይታሚን ሀኪሟን ሳትጠይቁ አትላኩ፣ ከኬሞው ጋር የሚጋጭ አለ። ከክፍለ ሀገር እየተመላለሰች ከሆነ መድሃኒት በወሰደችበት ቀን አውቶብስ ላይ አትሳፈር፣ እዛው አዲስ አበባ አሳድሯት። አቅም ካጠረ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ጋር ስለ ማረፊያ ጠይቁ።

የመጨረሻው ዙር ሲያልቅ ሰራተኛዋን እንዳታሰናብቱ፣ ድካሙ ከዛ በኋላ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እማዬ ስእለቷን ለሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል ካላደረስኩ ብላ ነበር፣ በስንት ልመና ለታህሳሱ አዞርነው፣ እኔም ትኬት ቆርጫለሁ።